በሬያችንን ለእርቅ ያቀናጀን ጊዜ

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይላሉ። እኛ ያመንነው የልጃችንን የክርስትና አባት ነበር።

ደርግ የመሬት አዋጁን ያወጀ ሰሞን ባሌ ከሸፈቱት ጋር አባይ በረሃ ወረደ። ጎረቤታችን ደግሞ የገበሬ ማህበሩ ታጣቂ ሆነ። ሲታኮሱ ከረሙና የጎረቤታችን ታላቅ ወንድም ሞተ። የማን ጥይት እንደመታው የሚያውቅ የለም፤ ባሌ ግን ከተኳሾቹ አንዱ ነበርና ደሙ በእሱ ላይ ተቆጠረ።

በኋላ ምህረት ተባለ። ባሌ ቢቸና ሄዶ ጠመንጃውን አስረክቦ ቤቱ ገባ። የመንግሥት ምህረት ግን ደም አያደርቅም፤ ደም የሚያደርቅ ሽማግሌ ነው። አንድ የቅኔ መምህር ነበሩ፣ አገሩ ሁሉ የኔታ የሚላቸው። እሳቸው መሀል ገብተው ሁለቱን አስቀመጧቸው። በዚያ ግርግር ከብቱ አልቆ በየደጁ የቀረው አንድ አንድ በሬ ነው። እኛ ቦራ የምንለው ግንባረ ነጭ በሬ ነበረን፤ ጎረቤታችንም አንድ ጥቁር በሬ ቀርቶታል። አንድ በሬ ብቻውን አያርስ ነገር።

"በሬዎቻችሁን አቀናጁ" ብለው ፈረዱ የኔታ። "በአንድ ቀንበር ያረሰ ሰው አይገዳደልም። የሟች ወገን ማሳ ይቅደም። በሬዎቹም በባለ ተራው በረት ይደሩ።" ነገሩን መልሶ ያነሳ ውጉዝ ይሁን ብለው ገዘቱ። አራስ ነበርኩና ጎረቤታችን ልጄን ክርስትና አነሳው። አበልጅ ሆንን።

ልዋሽ አልችልም፣ ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር። ምሳ ይዤ ማሳው ላይ ስደርስ አንዱ ሞፈሩን ሲያበጅ አንዱ ጅራፍ ሲገምድ፣ ሲቀላለዱ አገኛቸዋለሁ። ገበያውም ዳግም ቆመ፤ የሞጣ ሙስሊም ነጋዴዎች ጨውና አቡጀዲ ጭነው መምጣት ጀመሩ። እንግዲህ ሰው ሆነን ልንኖር ነው አልኩ። ሞኝ ነኝ።

የጎረቤታችን ማሳ ታርሶ ሊያልቅ፣ የእኛ ተራ ሊደርስ ጥቂት ሲቀር፣ ካድሬዎች ከቢቸና መጡ። የአምራቾች ማህበር ይቋቋማል፣ ጥንድ በሬ ይዞ የገባ የሥራ ቡድን መሪ ይሆናል አሉ። ሁለቱም በሬዎች በጎረቤታችን በረት ነበሩ። "የማን ናቸው?" ሲሉት "የእኔ" አለ። አይ አበልጅ! በቃ፣ ቦራ የማህበር ንብረት ሆነ።

ባሌ ቢቸና ድረስ ሄዶ ጮኸ። "አንተ ከበረሃ ነው የገባኸው፤ በሬ ከየት አመጣህ?" ብለው ሳቁበት። በእርቁ የተቀመጡት ይመስክሩልህ ብሎ አንዱ መከረው። እኔ ወደ የኔታ ሄድኩ።

"የኔታ፣ ያቀናጁን እርስዎ ነዎት። አንዲት ቃል ይመስክሩልን፤ ማሳችን ጦም ሊያድር ነው" አልኳቸው።

"ልጄ፣ ይህ ነገር ከተነሳ ደም ይነሳል" አሉ። "ለሰላሙ ስትሉ ተዉት።"

"ሰላሙ የማን ነው?" አልኳቸው። መቁጠሪያቸውን አንስተው ጸሎታቸውን ጀመሩ። እንዲያ የከዳኝ ጎረቤቴ እያለ እኔ በእሳቸው አንጀቴ አረረ። እሱስ ሌባ ነው፤ እሳቸው እኮ ያውቃሉ።

ያን ዓመት ማሳችንን አረም ዋጠው። በሬ ለምነን የዘራናት ጥቂት ጤፍም ከወር ቀለብ አላለፈችም። ልጄን አዝዬ ከባሌ ጋር ሞጣ ገባን። እሱ የአንድ እህል ነጋዴ ጆንያ ተሸካሚ ሆነ፣ እኔ ጠላ ሻጭ። ነጋዴው ደግ ሰው ነበሩ፤ ቤት የሰጡን እሳቸው ናቸው። ባሌ ግን ከዚያ ወዲያ ስለ ቦራ አንድ ቀን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ቂሙን ውጦ ነው እያልኩ አዝንለት ነበር።

ልጄ ነፍስ ካወቀ በኋላ አንድ የገበያ ቀን ያ የአገር ቤት ጎረቤታችን በራችን ላይ ቆመ። የማህበሩን እህል ይዞ መጥቶ ኖሯል።

"አበልጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ? ልጄስ አደገልኝ?" አለ። ልጄ ምኑን ያውቃል፣ ሮጦ ጉልበቱን ሳመ። ባሌ ተነስቶ መቀመጫውን ለቀቀለት።

ጠላ ቀዳሁለት። "ቦራስ ደህና ነው?" አልኩት።

"ኧረ ደህና ነው" አለ ጠላውን እየተቀበለኝ። "ማህበሩ ውስጥ እንደ ቦራችሁ የሚያርስ በሬ የለም።"

ቦራችሁ አለ፣ በገዛ አፉ። ነጋዴው እዚያው ተቀምጠዋል፤ ጠላ ጠጪዎቹም ሰምተዋል። ስንት ዓመት ያጣሁትን ምስክርነት ራሱ ሰጠኝ ብዬ ወደ ባሌ ዞርኩ። "ሰማህ አይደል?" አልኩት።

ባሌ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። "ዝም በይ" አለኝ። "እኛ በየኔታ ፊት ታርቀናል። ይልቅ ምሳ አቅርቢለት።"