ያረረው ነጠላ

ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር፣ በአንድ ልብስ ንጽሕና ቤት ደጃፍ ሳልፍ ያረረ ጨርቅ ሸተተኝ።

አባቴ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ደሴ እኛ ዘንድ የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ሲሆን፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው። አንድ ቅዳሜ እናቴን፣ «ነገ አብረን እንቁረብ» አላት።

አክስቷ እማሆይ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ አብራችሁ ከቆረባችሁ መፋታት የለም፤ እዚያ ሌላ ሴት እንዳለችው ዛሬውኑ ጠይቂው» አሏት።

«ሸሚዝህን ማነው የሚተኩስልህ?» አለችው።

«ራሴ ነኛ!» ብሎ ሳቀ።

እናቴ ካውያውን በፍም ሞልታ የቤተ ክርስቲያን ነጠላዋን ዘረጋችለት። «እስቲ ይህንን ተኩስልኝ።»

ጥለቱ ላይ አሳረረው። «ካውያሽ እኮ ይፋጃል» አለ።

በማግስቱ ያረረውን ወደ ውስጥ አጥፋ ለበሰችውና ከአባቴ ጋር ቆረበች። ለምን እንደቆረበች አንድም ቀን አልነገረችኝም።

ወደ ልብስ ንጽሕና ቤቱ አጮልቄ አየሁ። የሚተኩሰው ወንድ ነው። የአባቴንም ሸሚዝ እንዲህ ያለ ወንድ ይተኩስለት ኖሮ ይሆን? ቆሜ እጁን ተመለከትሁ።