ፍሬን የሌለው መጋዝ

ይርጉ በቀለ ሰው ይንቅ ነበር። ይህን የምለው ላማው ብዬ አይደለም፤ ራሱም አይክደውም። ጉለሌ አንድ እንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት መካኒክ ሆኖ ሲሠራ ሥራ አስኪያጁን ይንቅ ነበር። በዲቪ ሲያትል መጥቶ ኤርፖርት ውስጥ አውሮፕላን ማጽዳት ሲጀምር ደግሞ አለቆቹን፣ የአለቆቹን አለቆች፣ በሁለት ሳምንት የሚሰበረውን መጥረጊያ ሳይቀር ናቀ። ከንቀቱ የምታመልጠው ባለቤቱ ፍቅርአዲስ ብቻ ነበረች፤ እሷም ቀድማ ስለምትንቀው ይመስለኛል።

በፈረንጆቹ 2004 ከሲያትል ወጣ ብላ ባለችው ሾርላይን ቤት ተከራዩ። በዚያው በጋ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ጎረቤታቸው አሮጌ ዕቃውን ደጁ ላይ ዘርግቶ ጋራዥ ሴል አወጣ። ይርጉ ከተሰበሩ ወንበሮች ሥር አንድ የሞተር መጋዝ አየ። በስልሳዎቹ የተሠራ ነው፤ አካሉ ሙሉ ብረት፣ ቀለሙ የተላጠ፣ የማስነሻ ገመዱ የተበጠሰ።

«አይሠራም፣ ከፈለግህ ውሰደው» አለው ሽማግሌው።

ይርጉ ወሰደው፤ ሽማግሌውንም እዚያው ናቀው። ትንሽ ቢነካካ የሚነሳ ሞተር ሃያ ዓመት ጥግ ጥሎ «አይሠራም» ማለት ለእሱ ነውር ነበር። ጋራዡ ውስጥ ፈታታው። ካርቡራቶሩ ውስጥ ያለችው ስስ ላስቲክ ደርቃ ተኮራምታለች፣ ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው ፕላቲን ዝጓል። ፕላቲኑን በብርጭቆ ወረቀት አሸው፣ ካንዴላውን ለወጠ፣ ላስቲኳን የሚሸጥ ሰው ኦሪገን ድረስ ደውሎ አገኘ። ሰንሰለቱን ጥርስ በጥርስ በሞረድ ሳለው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ገመዱን ሲስበው መጋዙ ሁለቴ አስነጠሰና አጓራ።

ፍቅርአዲስ በመስኮት ብቅ ብላ «ጎረቤት ፖሊስ ኮል ያደርጋል» አለችው።

«ያድርግ። ፖሊሱም መጥቶ ሞተር ምን እንደሚመስል ይስማ።»

በሁለት ዓመት ውስጥ መጋዞቹ አሥራ አንድ ሆኑ። በሰሜን ከኤቨረት በደቡብ እስከ ታኮማ የሆነ ሰው የሞተ አባቱን ጋራዥ ካጸዳ ይርጉ እዚያ አለ። የሚያድሳቸውም ሊሠራባቸው ነው፤ ብቻቸውን ለሚኖሩ አሮጊቶች የወደቀ ዛፍ ይቆርጥላቸው ነበር፣ ለምስጋናቸው ግን ፊት አይሰጥም። አሮጌ መጋዝ ገዝተው፣ አስውበው ቀለም ቀብተው መደርደሪያ ላይ የሚያስቀምጡትን ሰዎች በስም ይጠላቸዋል። ዘንድሮ የተሠራ ፕላስቲክ ለበስ መጋዝ ሲያይ ደግሞ ፊቱን ያዞራል።

እኛ የማኅበር ጓደኞቹ «ቆራሌው» አልነው። አዲስ አበባ ጠርሙስና ጣሳ እየጮኸ ከሚሰበስበው ሰው ጋር አመሳሰልነው። ስሙን ያወጣው አክሊሉ ነው። አክሊሉ ቤት ያሻሽጣል፣ የቤተ ክርስቲያናችን የሕንፃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበር፤ ሣር ላይ በሚያብረቀርቅ ጫማ የሚቆም፣ ስብሰባ ላይ ከሁሉ ቀድሞ ተናግሮ ከሁሉ ኋላ ዝም የሚል ሰው። እኔ የኮሚቴው ጸሐፊ ነበርኩ። ስሙ ሲወጣ ከሳቁት አንዱ ነኝ።

በ2006 ዲሴምበር ሲያትልን የመታው ያ ትልቅ ነፋስ መጣ። መብራት ለቀናት ጠፋ። ዓርብ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ሁለት ግዙፍ ጥዶች ወድቀዋል፤ አንዱ በሩን ዘግቶ ተጋድሟል፣ ሌላው የአዳራሹን ጣሪያ ጥግ ጨፍልቆ ተደግፏል። እሑድ ቅዳሴ አለ። አክሊሉ «ለእኔ ተዉት፣ ሃንድል አደርገዋለሁ» አለና ቅዳሜ አዲስ መጋዝ ከነካርቶኑ ይዞ መጣ። ሃያ ያህል ወንዶች ተሰበሰብን። ከሃያው አሥራ አምስቱ በስልክ ፎቶ ያነሱ ነበር። መጋዙ ስምንት ደቂቃ ያህል ሠርቶ ጮኸና ጸጥ አለ። አክሊሉ ገመዱን ቢስበው ንቅንቅ አላለም።

ግማሽ ሰዓት ተከራከርን። ካርቶኑን አንድደን እጃችንን አሞቅን። በመጨረሻ አንዱ እያፈረ «ቆራሌውን ብንጠራውስ?» አለ።

ይርጉ ከመጋዞቹ አንዱን ጭኖ በአሮጌ ፒካፑ መጣ። ከሁሉ በፊት የአክሊሉን መጋዝ አንስቶ አገላበጠው።

«ዲፌክት አለው» አለ አክሊሉ። «ለሱቁ ሪተርን አደርገዋለሁ።»

ይርጉ የነዳጁን ክዳን ከፍቶ አሸተተ። «ዘይት አልቀላቀልክበትም።»

«ገና አዲስ ነው እኮ። ዘይት የሚቀየረው ከሦስት ሺህ ማይል በኋላ አይደል?»

ይርጉ ክዳኑን መልሶ ገጠመው። «መኪና አይደለም። ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ደባልቀህ ነው የምታጠጣው። ማኑዋሉ ላይ ተጽፏል።»

አክሊሉ ወደ እሳቱ ዞሮ አየ። ማኑዋሉ ከካርቶኑ ጋር ነዷል።

በኮሚቴው ውስጥ መጋዝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም ማለት ግን አይደለም። ኪዳነ ወልድ የሚባል ወጣት ፓርኮች ውስጥ ዛፍ ይቆርጣል፤ ቅዳሜ ሥራ ውሎ ስለነበር የደረሰው ከይርጉ በኋላ ነው። የራሱን ሄልሜትና ሰንሰለት የማይበሳውን ወፍራም የጭን መከላከያ ከመኪናው አወጣና ለይርጉ ዘረጋለት።

«ጋሼ ይርጉ፣ ይሄን ልበስ። ያንተ መጋዝ የሰንሰለት ፍሬን የለውም። ወደ ላይ ከመለሰብህ የሚያቆመው ነገር የለም።»

«ፍሬን የሚያስፈልገው መንዳት ለማይችል ነው» አለ ይርጉ።

እኛ ሳቅን። አክሊሉም ሳቀ፤ የተሰደበው እሱ መሆኑን የተረዳ አይመስለኝም። ኪዳነ ወልድ ልብሱን በእጁ እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

ለሁለት ሰዓት ያህል ይርጉ የሠራውን ዓይነት ሥራ ከዚያ ወዲህ አላየሁም። የዛፉን ክብደት በዓይኑ ይለካል፣ ከየት እንደሚጎብጥ ያውቃል፣ መጋዙን ሳይጫን በራሱ ክብደት ያወርደዋል። በሩ ተከፈተ። ሰዉ ማጨብጨብ ጀመረ፤ ያበላሸው ጭብጨባው ይመስለኛል። ጣሪያው ላይ የተደገፈውን ጥድ ቅርንጫፎች እየመለመለ ሳለ አንገቱን ወደ አክሊሉ አዞረ፤ የሆነ ነገር ሊለው ነበር። በዚያች ቅጽበት የመጋዙ ጫፍ ከኋላ የተደበቀ ቅርንጫፍ ነካ። መጋዙ ወደ ላይ ዘለለ፣ በጆሮው አጠገብ አልፎ ከእጁ አመለጠና ሰንሰለቱ እየሮጠ ግራ ጭኑ ላይ ወደቀ።

ሃያ ወንዶች ነበርን። የሮጠው ኪዳነ ወልድ ብቻ ነው። ቀበቶውን ፈትቶ የይርጉን ጭን ከቁስሉ በላይ አሰረ፣ በሁለት እጁ ተጭኖ አምቡላንስ እስኪመጣ አልለቀቀም። እኔ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ቆሜ ነበር። ለምን እንደከተትኩት አላውቅም።

ይርጉ ተረፈ። አጥንቱ አልተነካም፣ ጡንቻው ግን ተቆርጧል። በማግሥቱ አክሊሉ ብርቱካን ይዞ ሆስፒታል ገባ፣ አልጋው አጠገብ ተቀምጦ እየላጠ አጎረሰው። ይርጉ በኋላ «ከሁሉ የከፋው አሳምሮ መላጡ ነው» ብሎኛል። በጃንዋሪው ስብሰባ አክሊሉ «በኮሚቴው ፈጣን ርምጃ ዛፎቹ ተነሥተዋል» ብሎ ሪፖርት አቀረበ። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የይርጉ ስም የለበትም፤ የኪዳነ ወልድም የለበትም። አንድም ሰው እጁን አላወጣም። ጸሐፊው በተለይ።

ይርጉ አራት ወር ቤት ዋለ። ሶፋ ላይ ተጋድሞ አክሊሉን ሲሰድብ፣ ኮሚቴውን ሲሰድብ ፍቅርአዲስ ከሥራ መጥታ ትሰማዋለች። አንድ ቀን የሥራ ጫማዋን ሳታወልቅ ፊቱ ቆመች።

«አክሊሉ ምንም አያውቅም ብለሃል፤ እውነትህን ነው። ግን ሰውዬው በሁለት እግሩ ይሄዳል። አንተ ደግሞ የሚያውቀውን ሰው ልጅ ነው ብለህ አልሰማህም። ከሁለታችሁ ማን እንደሚናቅ ንገረኝ።»

እኔ ልጠይቀው የሄድኩት በማግሥቱ ነው፤ ይህን የነገረችኝም እሱ እየሰማ ነው። ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ነበር።

መራመድ ሲጀምር፣ እያነከሰ ኪዳነ ወልድ ወደሚሠራበት ፓርክ ሄደ። ይቅርታ አልጠየቀም፤ ያን ያህል አልተለወጠም። «ያ ልብስ የት ይሸጣል?» አለው። ኪዳነ ወልድ በምሳ ሰዓቱ ይዞት ሄዶ አስለካው። ከዚያ ወዲህ ይርጉ ያለ መከላከያ መጋዝ የሚያነሳ ሰው ሲያይ አጥር ተሻግሮ ይሰድበዋል። አዲሶቹ መጋዞች ፕላስቲክ ቢሆኑም ፍሬናቸው ጥሩ ሐሳብ መሆኑን አንዴ አምኗል፤ ደግሞ አልሰማሁትም። ከኮሚቴው እኔ በ2008 ወጣሁ። አክሊሉ አሁንም ሰብሳቢ ነው።

በ2014 በጋ ይርጉና ፍቅርአዲስ ወደ ሰሜን፣ ተራራ ሥር ወዳለች አንዲት ትንሽ ከተማ ሄዱ። እዚያ በየዓመቱ የድሮ መጋዝ ያላቸው ሰዎች እየተሰበሰቡ ግንድ በመቁረጥ ይወዳደራሉ። እኔም ከመኪናቸው የኋላ ወንበር ነበርኩ። ያገኘናቸው ሽማግሌዎች ዕድሜያቸውን በሙሉ ጫካ ውስጥ የሠሩ ናቸው፤ ጣቱ የጎደለ አለ፣ ጆሮው የማይሰማ አለ፣ የይርጉን ማንከስ ልብ ያለው የለም። ይርጉ አራተኛ ወጣ። አንድ ዕድሜው ሰማንያ የሚጠጋ ሰው መጋዙን ከይርጉ ተቀብሎ ጆሮው ጋ አስጠግቶ የሞተሩን ድምፅ አዳመጠና ካርቡራቶሩን ማን እንዳስተካከለው ጠየቀ።

«እኔ» አለ ይርጉ።

ሰውዬው መጋዙን በሁለት እጁ መለሰለት። «ጥሩ እጅ አለህ» አለው።

በመልሱ የነዳችው ፍቅርአዲስ ናት። ይርጉ ኤቨረት እስክንደርስ ስለዚያ ሽማግሌ አወራ። ሰንሰለቱን የሳለው አጣሞ ነው፣ ሞረድ አያያዝ አያውቅም፣ ግንዱን የያዘው እንደ ሕፃን ነው አለን።

«አመሰገነህ እኮ» አለች ፍቅርአዲስ።

«ሰምቻለሁ» አለና መስኮቱን ዝቅ አደረገው። ትንሽ ቆይቶ የሰውዬውን ስም ይዤው እንደሆነ ጠየቀኝ።