ጨፌው በታጠረበት ዓመት

አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ ሳይመጣልኝ ሲቀር ሁለት ዓመት ቤት ተቀመጥኩ። ተቀመጥኩ ይባላል እንጂ እኔ መቀመጥ አልችልም። ሶዶ ወጥቼ የሰው ሱቅ በር ላይ እቆማለሁ፤ ሻንቶ ገበያ ውዬ ምንም ሳልገዛ እመለሳለሁ፤ ኦቶና ሆስፒታል የጽዳት ሠራተኛ ይፈልጋሉ ሲባል ከነጋ ጀምሬ እሰለፋለሁ። እናቴ፣ «ጌታ ሆይ፣ ለዚች ልጅ ወይ የሚያስቀምጣት ባል ወይ የሚያደክማት ሥራ ስጣት» ብላ ስትጸልይ ሰምቻታለሁ። ባሉ ቀረና ሥራው መጣ።

ሥራው የጨፌ ነበር። ከቀበሌያችን በታች የተንጣለለው ጨፌ አፈሩ ከሌላው መሬት ይለያል፤ ጥቁር ነው፣ ሲረግጡት እንደ ፍራሽ ይሰምጣል። የስንት ዘመን ሣርና ሥር ውሃ ውስጥ ተደራርቦ የሆነ አፈር ነው አሉን። አባቶቻችን ቦይ ቀደው ውሃውን አፈሰሱና በቆሎ ዘሩበት። ሁለት ዓመት ጥሩ ሰጠ፣ በሦስተኛው ደረቀ፣ አንድ በጋ ላይ እሳት ገባበትና መሬቱ ራሱ እንደ ኩበት ከውስጥ ሲጨስ ከረመ። ይህን ጨፌ ወደ ቀድሞው ለመመለስ መንግሥት የድጋፍ ገንዘብ ፈቀደ ተባለ። የሚለቀቀው በሁለት ዙር ነው። በመጀመሪያው ቦዩ ይደፈናል፣ ዙሪያው ይታጠራል። ሁለተኛው የሚመጣው ገምጋሚዎች ከላይ መጥተው ሣሩ መመለሱን በዓይናቸው ሲያዩ ነው። ወላይትኛውንም አማርኛውንም አስተካክላ የምትይዝ መዝጋቢ ፈለጉና እኔን ቀጠሩ። ኮንትራቴ እስከ ግምገማው ድረስ ነው። ሁለተኛው ዙር ከመጣ ይታደሳል፤ ካልመጣ ተመልሼ ሱቅ በር ላይ መቆም ነው።

አክስቴ፣ የአባቴ እህት፣ ቤቷ ከአጥሩ ጋር ይዋሰናል። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፣ ልጅ አልወለደችም። ትምህርት ቤቱ ለእሷ ስለሚቀርብ ከሰባተኛ እስከ አሥረኛ ክፍል የኖርኩት እሷ ዘንድ ነው። ጠዋት ጠዋት ወተት አጠጥታ ነበር የምትሸኘኝ። ላሟ ግን የራሷ አልነበረችም፤ የኮታ ናት። የቢሮ ኮታ ማለቴ አይደለም። እኛ ዘንድ ኮታ ማለት ከብት የሌለው ሰው የሌላውን ላም ተቀብሎ እያበላ የሚያረባበት፣ ከሚወለደውም የሚካፈልበት ልማድ ነው። የላሟ ባለቤት ሶዶ ላይ ሱቅ ያላቸው፣ ቤተሰባቸው ከስልጤ የመጣ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ሐጂ ነው የምንላቸው። ውላቸው አጭር ነበር። የመጀመሪያው ጥጃ የሐጂ፣ ሁለተኛው የአክስቴ። ተቀባዩ ላሟን ካጎሳቆለ ግን ድርሻውን ያጣል።

የመጀመሪያውን ሐጂ ወሰዱ። በዚያ ዓመት ላሟ ሁለተኛውን አርግዛ ነበር። አክስቴ የእኔ የምትለው ከብት በዕድሜዋ ኖሯት አያውቅም። የላሟን ሆድ በመዳፏ እየዳበሰች «ይሄ የእኔ ነው» ትላለች፤ ለሚሰማትም ለማይሰማትም።

በልጉ ቀረ። የስኳር ድንቹ ሐረግ ደረቀ። ከአጥሩ ወዲያ ቦዩ ተደፍኖ ውሃው ስለተመለሰ ሣሩ ጉልበት ድረስ ቆሟል። አክስቴ እንሰቷን ቅጠል በቅጠል እየገፈፈች ለላሟ መስጠት ጀመረች፤ የጓሮዋ እንሰቶች ላባው የተነጨ ዶሮ መሰሉ።

የፕሮጀክቱን ሰነድ ለቀበሌው በእጄ የገለበጥኩት እኔ ነኝ። አንዱ አንቀጽ ላይ ከብት ማስገባት ክልክል ነው ይልና፣ ሣሩን በእጅ አጭዶ መውሰድ ግን ይፈቀዳል፣ እንዲያውም ይበረታታል፣ ቅድሚያም ለእማወራዎች ይሰጣል ይላል። አንብቤዋለሁ። ጽፌዋለሁ። ለወረዳው ኤክስፐርት ሳሳየው እስክሪብቶውን አንቀጹ ላይ አጋድሞ ሳቀ።

«ይቺን ለሕዝቡ እንዳታነቢ።»

«ለምን? ተፈቅዷል እኮ።»

«አንቺ ልጅ፣ ገምጋሚዎቹ ገና ከመኪና ሳይወርዱ ሣር ማየት አለባቸው። ሁሉም ማጭዱን ይዞ ከገባ ምን ያያሉ? ያንቺን ባጅ?»

እኔም ሳቅኩ። ሰነዱ ለሕዝቡ በሚነበብበት ስብሰባ ላይ ያቺን አንቀጽ ዘልዬ አነበብኩ። ሕዝቡ አጨበጨበ።

አክስቴ በነጋታው ጽሕፈት ቤት ድረስ መጣች። በሩ ላይ ቆማ፣ «ጠርዙን ብቻ ልጨድ» አለችኝ። «ለአንዲት ላም ስንት እፍኝ ነው?»

«ክልክል ነው።»

«ማን ከለከለ?»

«ደንቡ።»

«ደንቡን ማን ጻፈው?»

«መንግሥት ነዋ።»

«አንቺ አይደለሽም? ጣትሽ ላይ ቀለሙ አለ።»

«ስሚ፣ አክስቴ ናት ብዬ ላንቺ ከከፈትኩ ነገ ቀበሌው በሙሉ አክስትሽ ነኝ እያለ ይመጣል።»

ጽሕፈት ቤት ውስጥ የነበሩት ሳቁ። አነጋገሬ ለራሴም ጣፈጠኝ። አክስቴ የሚስቁትን አንድ በአንድ አየቻቸውና ሄደች።

እሑድ ሰው ሁሉ ጸሎት ቤት በገባበት ሰዓት፣ እኔ ስብከቱ ሲረዝምብኝ ሹልክ ብዬ ወደ ጨፌው ወረድኩ። አክስቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ አጥሩ ውስጥ እያጨደች ነው። ሳያት አልሮጠችም፤ አልደነገጠችምም። ያጨደችውን በገመድ አስራ ጨርሳለች። ቀና ብላ፣ «እንኳን መጣሽ፣ ነይ አሸክሚኝ» አለችኝ።

አላሸከምኳትም። ማጭዱን ከእጇ ቀማሁ። ሸክሙን ፈትቼ ሣሩን ውሃው ውስጥ በተንኩት። «ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ?» አለች፤ አሁንም የምቀልድ መስሏታል። ደብተሬን አውጥቼ ስሟን ስጽፍ ነው የገባት።

ማክሰኞ የቀበሌው ሕዝብ ለግምገማ ተጠራ። ያኔ ሁሉ ነገር በግምገማ ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር አክስቴን ከፊት አቆማት።

«ይቺ ሴትዮ ፀረ ልማት ናት!» አለ። «የሕዝብን ሣር ለግል ጥቅም! ይሄ ኪራይ ሰብሳቢነት ካልሆነ ኪራይ ሰብሳቢነት ምንድን ነው?»

ከኋላ አንዱ፣ «ኪራዩን ከማን ሰበሰበች? ከላሟ?» ሲል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሌላው ቀጠለ፤ «ላሟም ትገምገም እንጂ! የበላችው እሷ ናት!»

«ሥርዓት!» አለ ሊቀመንበሩ፣ ራሱም እየሳቀ። «እሺ እናት፣ ግለ ሂስ ያድርጉ።»

አክስቴ ቃሉን አታውቀውም። ቃለ ጉባኤ ወደምይዘው ወደ እኔ ዞራ፣ «ምን ልበል?» አለች።

«አጥፍቻለሁ በይ።»

«አጥፍቻለሁ።»

ጥፋቷን አምናለች ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ቀን በኋላ ልጆች መንገድ ላይ ሲያዩዋት እንደ ላም እምቧ ይሉ ጀመር።

ላሟ ከሳች። ወሬው ሶዶ ደረሰና ሐጂ፣ ቅዳሜ መጥቼ አያታለሁ ብለው ላኩ። ገምጋሚዎቹ የመጡት በዚያው ሳምንት ሮብ ቀን ነው። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ናቸው፤ የላስቲክ ቦቲ ይዘው መጥተዋል። ኤክስፐርቱ እንደገመተው መኪና ውስጥ ሆነው አላዩም። ሴትየዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ሰምጣ ገባችና ሣሩን ነቅላ አሸተተችው።

«ይሄ እኮ አርጅቷል። ለምን አይታጨድም? ሲታጨድ እኮ ነው የሚያቆጠቁጠው። ሰነዱም ይፈቅዳል።»

«ይታጨዳል፣ ይታጨዳል» አለ ኤክስፐርቱ።

«ማን ነው የሚያጭደው? እስቲ አንዲት እማወራ ጥሩልኝና ላናግር።»

ቅርብ ያለው የአክስቴ ቤት ነው። ተጠርታ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች። ከኋላዋ ደጃፉ ላይ የታሰረችው ላም የዳሌዋ አጥንት ከዚያ ድረስ ይታያል። ገምጋሚዋ ወላይትኛ ስለማትችል አስተርጓሚዋ እኔ ሆንኩ።

«እናቴ፣ ከጨፌው ሣር አጭደው ይወስዳሉ?»

ጥያቄውን ነገርኳት። አክስቴ ትንሽ አየችኝና በወላይትኛ፣ «ማጭዴን ቀምተሽኛል፤ እንዳለ ንገሪያቸው» አለች። «ዛሬ ከፈቀዱልኝ ላሜ እስከ ቅዳሜ ትጠግባለች። ጥጃዬን አያስወስዱብኝ በያቸው።»

ኤክስፐርቱና ሊቀመንበሩ ሁለቱም ቋንቋውን ይሰማሉ። ሁለቱም መሬት መሬት ማየት ጀመሩ።

«ታጭዳለች» አልኩ። «ብዙ ተጠቅሜያለሁ ነው የምትለው። ላሟም አርግዛለች። መንግሥትን ታመሰግናለች።»

ገምጋሚዋ ጻፈች። አክስቴ ስንት ዓመት ሻንቶ ገበያ ቅቤ ስትሸጥ የኖረች ናት፤ አማርኛ አፏ ላይ ይከብዳታል እንጂ ጆሮዋ ይሰማል። ይህን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ገምጋሚዋ በፈገግታ፣ «እንዲህ ነው እናቴ?» ስትላት አክስቴ በአማርኛ፣ «እሷ ታውቃለች» አለች። ትከሻዋን መታ መታ አድርገዋት ሄዱ። መኪናው ከመጥፋቱ ኤክስፐርቱ፣ «የገንዘቡ ደብዳቤ እስኪመጣ አንዲት ሣር እንዳትነካ» አለኝ። ሊቀመንበሩ ደግሞ በዚያው ቀን ሻንቶ ወርዶ ድሃዋ ሴት ሳትቀር ከጨፌው እየተጠቀመች ነው እያለ ለገበያተኛው ሁሉ አወራ።

ደብዳቤው መጥቷል። ኮንትራቴም ታድሷል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ስለ ቅዳሜው ስጽፍ አንባቢ ምናልባት መዝጋቢዋ ሐሳቧን ትቀይር ይሆናል እያለ እንዳይጠብቀኝ ነው።

ቅዳሜ ሐጂ መጡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ እንደ ልማዳቸው ለአክስቴ ስኳር ይዘውላት ነበር። ሁለት የጎረቤት ሽማግሌዎችም ተጠርተዋል፤ እኔም ከአጥሩ ወደ ደጃፉ ተጠግቻለሁ። ሐጂ ላሟን ሲያዩ ስኳሩን መሬት አስቀመጡት። ጣታቸውን በጎድኗ መካከል አስገቡ።

«ወላሂ፣ ይቺ የእኔ ላም ናት?»

«በልጉ ቀረ፣ ሐጂ» አለች አክስቴ።

«በልጉ መቅረቱን አውቃለሁ። ድርቅ ነው ብዬ ዝም ልል ነበር። ሱቄ የመጣ ሰው ሁሉ ግን ሌላ ነው የሚነግረኝ። ለመንግሥት ሰዎች ሣር አጭዳለሁ፣ ተጠቅሜያለሁ ብለሻል። ታዲያ ሣሩ የት ገባ? ለማን ሸጥሽው?»

«አልሸጥኩም። አንድ እፍኝም ቤቴ አላስገባሁም። ያልኩት እንደሱ አይደለም።» ጣቷን ወደ እኔ ዘረጋች። «መዝጋቢዋ እሷ ናት። እሷን ጠይቁ።»

ኤክስፐርቱ እዚያ አልነበረም። ሊቀመንበሩም አልነበረም። ማንም አላስፈራራኝም። አንደኛው ሽማግሌ፣ ልጅ ሆኜ ሰንበት ትምህርት ያስተማሩኝ፣ ወደ እኔ ተጠጉ።

«ልጄ፣ እግዚአብሔር ያያል። አክስትሽ ከጨፌው ታጭድ ነበር ወይስ አታጭድም?»

እውነቱን ብናገር ቃሌ ከቀኑ ሳያልፍ ኤክስፐርቱ ጆሮ ይደርሳል። ሱቅ በር ላይ ስቆም ታየኝ።

«አጭዳለች» አልኩ። «መዝገብ ላይ አለ።»

ደግሞም አለ። የዚያ እሑድ ቀን፣ በእኔ እጅ ጽሑፍ።

ሽማግሌዎቹ ጓሮው ካለው አቮካዶ ዛፍ ሥር ሄደው ብዙም ሳይቆዩ ተመለሱ። ሣር እያላት ላሟን አስርባለች፤ ድርሻዋን አጥታለች፤ የሚወለደው የሐጂ ነው አሉ። ሐጂ ተክዘው፣ «ለልፋትሽ ቅቤ እልክልሻለሁ» አሏት። አክስቴ ራሷን ነቀነቀች፤ እሺ ይሁን እምቢ አልገባኝም።

ላሟ ግን አልሄድ አለች። ሐጂ ገመዱን ሳቡ፣ ሽማግሌዎቹ ከኋላ ገፉ፤ አራት እግሯን ተክላ ቆመች። ሐጂ ላባቸውን እየጠረጉ፣ «እባክሽ አንቺው ምሪልን» አሏት። አክስቴ ገመዱን ተቀበለች። ምላሷን ጠቅ ስታደርግ ላሟ ተከተለቻት።

አጥሩ ጥግ ላይ ሣሩ ወደ መንገዱ አዘንብሏል። ላሟ አንገቷን በእንጨቶቹ መካከል አሾለከችና አንድ ጊዜ ነጨች። ሁሉም ቆመው እኔን አዩኝ።

«አስወጧት» አልኩ። «ከብት ክልክል ነው።»

አክስቴ ገመዱን ሳበችና እስከ አስፋልቱ ድረስ መራችላቸው።