አናቱ ክፍት የሆነው አራት

ባለፈው ወር ከጅግጅጋ ወደ ድሬዳዋ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡ አዛውንት የእጅ ሰዓታቸውን አውልቀው ሲሞሉ፣ ያ ክርር፣ ክርር የሚል ቀጭን ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ ወደ አስራ ሦስት ዓመቴ መለሰኝ። አባቴ በየጠዋቱ ፊቱን ሳይታጠብ አስራ ሁለት ሰዓቶቹን ከብስኩት ቆርቆሮ እያወጣ ተራ በተራ ይሞላቸው ስለነበር፣ ከእንቅልፌ የምነቃው በዚያ ድምፅ ነበር።

አባቴ ታደሰ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። አያቴ በወታደርነት ጅግጅጋ መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ሲሆኑ፣ ለልጃቸው ያወረሱት ነገር ቢኖር አንድ ጥቁር ፊት ያለው የእጅ ሰዓት ብቻ ነበር። የአባቴ የሰዓት ፍቅር ከዚያ ተነሥቶ እያደገ ሄደና፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ ሁለት ወዳጆቹ የየራሳቸውን ሰዓት ይዘው በረንዳችን ላይ ይሰበሰቡ ጀመር። አንደኛው የጂኦግራፊ መምህሩ ጋሽ ደምሴ ነበሩ፤ ሁለተኛው ከቶጎጫሌ ጨርቅ እያመጣ የሚነግደው ዩሱፍ ነበር። ዩሱፍን እኔ እንደ ልጁ እንደ ሆዳን ጓደኞች ሁሉ «አዴር» እለው ነበር፣ በሶማልኛ አጎቴ ማለት ነው።

ክርክራቸው ለሌላ ሰው የጤና አይመስልም ነበር። ቀን የሚያሳየው ትንሽ መስኮት የሰዓትን ፊት ያበላሻል አያበላሽም ብለው አንድ ሙሉ እሁድ ተጨቃጭቀዋል። ጋሽ ደምሴ፣ እኛ ጠዋት አንድ ሰዓት ስንል ቆጣሪው ሰባት ላይ ስለሚያርፍ፣ ለኛ የሚሠራ ሰዓት ስድስት ቁጥርን ከላይ ማድረግ አለበት ይሉ ነበር። ዩሱፍ ደግሞ ሶማሌም የሚቆጥረው እንደዚያው ነው፣ ነገር ግን ዓይን የለመደውን መነካካት ምን ያደርጋል ብሎ ይመልስላቸው ነበር። ከሁሉ በላይ የሚያከራክራቸው ግን አራት ቁጥር ነበር። የአያቴ ሰዓት ላይ ያለው 4 በእጅ እንደተጻፈ ሁሉ አናቱ ክፍት ነበር፤ ዩሱፍም የዚያኑ ዓይነት ሰዓት ቢኖረውም የሱ 4 አናቱ የተዘጋ ነበር። «ያንተን ሰው ጽፎታል፤ የኔን ማሽን» እያለ የአያቴን ሰዓት ወደ ብርሃን ያዞር፣ ለመመለስም ይዘገይ ነበር።

በዚያ ክረምት አባቴ ለሥልጠና አዲስ አበባ ሄዶ ሦስት ሳምንት ቆየ። በተመለሰ በመጀመሪያው እሁድ የአያቴን ሰዓት አንሥቶ ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። የአራቱ አናት ተዘግቷል። እንግዶቹ እንደሄዱ ቆርቆሮውን ማን እንደነካ እናቴን ጠየቃት፤ እሷም የምትለቅመው ምስር ላይ አቀርቅራ ማንም አልነካም አለችው።

ከተማችን ራሷ ካለፈው ዓመት ሁከት ገና አላገገመችም ነበር፤ ሰው የጎረቤቱን ኮቴ ያዳምጥ ነበር። በዚያ በሁከቱ ሰሞን በራችን ላይ ወንበር አስቀምጦ ቀን ከሌት የጠበቀን ዩሱፍ ነበር። ጥርጣሬ ግን ውለታን እንኳ ገልብጦ ያሳያል መሰለኝ፣ አባቴ ለእናቴ «ያኔ እኮ ቤታችንን ጥግ በጥግ አጥንቶታል» ሲላት ሰማሁት። ዩሱፍ አራቱ የተዘጋውን የራሱን ሰዓት ማሰር ትቶ ነበር፤ የት ሄደ ሲባልም ተበላሽቷል ከማለት ሌላ አይጨምርም ነበር። ለአባቴ ነገሩ ያለቀለት ነበር፦ የራሱን ፊት በእኛ ሰዓት ላይ ገጥሞ የኛን ወስዷል።

አንድ ቅዳሜ ጫማዬን ሳስር አባቴ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። «ማሂ፣ እነ ሆዳን ቤት ስትሄጂ የአዴርሽን መሳቢያ እስቲ አየት አድርጊው» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። የታመንኩ መስሎኝ ደስ አለኝ። ሆዳን ሻይ ልታመጣ ስትወጣ መሳቢያውን ሳብኩ፤ በነጭ መሐረብ ተጠቅልሎ ቆጣሪ የሌለው ጥቁር የሰዓት ፊት አገኘሁ። የአራቱ አናት ክፍት ነበር። ዳርና ዳሩ ቡናማ እድፍ ይዞ ቀለሙ ተላልጧል። መልሼ ጠቅልዬ ሻዩን እንኳ ሳልጠጣ ወደ ቤት ሮጥኩ።

«አራቱ ክፍት ነው?» አለኝ አባቴ።

«አዎ» አልኩት። ስለ እድፉ ልነግረው ስል ተነሥቶ ሄዷል።

በማግስቱ ዩሱፍ እንደ ልማዱ ሲመጣ አባቴ በር ላይ ቆሞ ጠበቀው። «ከእንግዲህ ሰዓቶቼን ሌላ ሰው አይነካቸውም። ለምን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ» አለው። ዩሱፍ በአባቴ ትከሻ ላይ አሻግሮ እናቴን አያት። የሻይ ትሪ ይዛ የቆመችው እናቴ ዓይኗን ወደ ብርጭቆዎቹ መለሰች። አንድ ቃል ቢናገር እዚያው ያበቃ ነበር፤ እሱ ግን «እሺ» ብሎ ዞሮ ሄደ።

በጋው ገብቶ ነፋሱ አቧራውን በየመስኮቱ ሲያስገባ፣ ዩሱፍ ቤተሰቡን ይዞ ከብት የሚነግዱ ወንድሞቹ ወዳሉበት ወደ ሀርሺን ሄደ። አባቴ ግን አላረፈም። ጋሽ ደምሴ ሰዓት ሲያነሡ ጣቶቻቸውን ይከታተል ስለነበር እሳቸውም አንድ ቀን ቀሩ፣ በዚያው ቀሩ። ቆርቆሮው ተቆልፎ አልጋ ሥር ገባ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ነክተሽዋል ወይ እያለ እኔንም ይጠይቀኝ ጀመር፤ ሲጠይቀኝም ዓይን ዓይኔን ያየኝ ነበር።

የበልግ ዝናብ በጀመረ ሰሞን እናቴ ቁርስ አቅርባ ሳትቀመጥ ቆማ ቀረች። «ታደሰ፣ ያኔ ለሥልጠና ስትሄድ የአባትህን ሰዓት ቤት በተውከው ኮትህ ኪስ ውስጥ ረስተኸው ነበር። ከኮትህ ጋር ያጠብኩት እኔ ነኝ» አለችው።

ከዚያ ሁሉንም ነገረችን። ውሃ የገባበትን ሰዓት ይዛ እያለቀሰች ወደ ዩሱፍ ሄዳ ነበር። ሰዓት ሠሪው ከፍቶ ሲያየው ፊቱ ተላልጧል፤ ዩሱፍም የራሱን ሰዓት አስፈትቶ የሱን ፊት አስገጠመላት፣ ለማንም ላይናገርም ማለላት። የተበላሸውን ያስቀመጠው የአባት ቅርስ አይጣልም ብሎ፣ የሚያድሰው ሰው እስኪያገኝ ነበር። አባቴ ቁርሱን ገፋ አድርጎ ነገ ሦስታችንም ወደ ሀርሺን እንሄዳለን አለ።

ሀርሺን ላይ ዩሱፍ ምንጣፍ አስነጥፎ፣ የግመል ወተት ያለበት ሻይ አስቀርቦ በክብር ተቀበለን። አባቴ ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ሊይዝ ሲል ዩሱፍ ትከሻውን ደግፎ አነሣው፤ ከውስጥ መሐረቡን አምጥቶም መዳፉ ላይ አኖረለት።

«ስለ ሰዓቱ ይቅር ብዬሃለሁ። በአንተ ቦታ ብሆን እኔም እጠረጥር ነበር» አለው። «ግን ልጅህን ቤቴ ላክህብኝ፣ ታደሰ። እኔ እንደ ልጄ ነበር የማስገባት።»

ሆዳን ለካ በማድ ቤቱ በር አይታኝ ኖሯል። ዩሱፍ ይህን ሲናገር ወደ እኔ አልዞረም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ዛሬ አባቴና ዩሱፍ ለኢድና ለፋሲካ ይደዋወላሉ፣ ስለ ጤናና ስለ ዝናብ ይጠያየቃሉ፤ የእሁዱ ክርክር ግን ተመልሶ አልመጣም። ሆዳን አግብታ ጅግጅጋ ገብታለች፣ እኔም አልፎ አልፎ ቤቷ እሄዳለሁ። ስለዚያ ቅዳሜ አንሥተን አናውቅም። ልጆች ሳለን እሷ ወጣ ስትል ያገኘሁትን እያነሣሁ፣ ሽቶውን እያሸተትኩ፣ መስታወቱ ፊት እየተንጠራራሁ እንደ ቤቴ እጠብቃት ነበር። አሁንም ለጉዳይዋ ወደ ውስጥ ስትገባ ዘወር ብላ ሳታየኝ ብቻዬን ትተወኛለች፤ እኔ ግን እስክትመለስ ድረስ እጆቼን ጭኔ ላይ አድርጌ ከተቀመጥኩበት አልንቀሳቀስም።