ከሰል ዳር የሞቀው ድራም

በሰፈራችን ሰርግ ካለ ከበሮውን የምትይዘው አክስቴ ናት። ያሳደገችኝም እሷው ናት። ሌላ ሴት ከበሮዋን ከነካች ፊቷ ይለዋወጣል። «ይቺ ደግሞ ሊጥ ታቦካለች እንዴ?» ትላለች፣ ሴትየዋ እየሰማች። ቁጣዬንም የምት ፍቅሬንም የወረስኩት ከሷ ነው፤ ከሌላ ከማን ላመጣው!

የሷ ከበሮ ወጥ የዋንዛ ግንድ ነው። ውስጡ ተፈልፍሎ ወጥቶ፣ ቆዳ ተወጥሮበታል፤ መጋጠሚያ የለው፣ ኮላ የለው። ስትመታው ድምፁ ደረት ውስጥ ይገባል። ቆዳው ግን የከብት ነውና እርጥበት ሲነካው ይላላል፣ ድምፁም ይሞታል። ስለዚህ ሰርግ ከመድረሱ በፊት ታሞቀዋለች፤ ፀሐይ ካለ ፀሐይ ላይ፣ ከሌለ ከሰል ዳር። ቆዳው ሲደርቅ ይወጠርና ከበሮው እንደገና ይናገራል። ከበሮ ሳያሞቅ ሰው ፊት የሚወጣ ሰው በሷ ዘንድ ፊቱን ሳይታጠብ እንደወጣ ነው።

የኔ ድራም ሌላ ፍጥረት ነው። ያገለገለ ነው የገዛሁት፤ በርች ከሚሉት የፈረንጅ እንጨት የተሠራ። እንጨቱ እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ ተልጦ፣ አንዱ ባንዱ ላይ በኮላ ተጣብቆ፣ ክብ ሆኖ ታጥፏል። ያው ኮምፔንሳቶ በሉት። ስገዛ ከጎኑ ለስላሳ እንጨት የሆነ ሌላ ነበረ፤ ድምፁ ሞቅ ያለ ነው፣ ግን ይንዛዛል፣ ከመታሁት በኋላም ማውራቱን አይተውም። በርቹ ጧ ይልና ያቆማል። ለቀረፃ የሚፈለገው እሱ ነው። ሁሉ ነገሩ ያለው ግን ንብርብሮቹ እንደ አንድ ሆነው በመያዛቸው ላይ ነው፤ አንዱ ከለቀቀ ድምፁ ይበላሻል። ቆዳ የምንለውም ፕላስቲክ ነው፣ እሳት ምንም አይጠቅመው። ይሄን ለአክስቴ ነግሬያት አላውቅም። ጠይቃኝም አታውቅ።

ሆቴል የሚጫወት አንድ ባንድ ድራመር ፈልጎ ነበር። የባንዱ መሪ በስልክ «ድራምሽን ይዘሽ ነይ፣ ቀረፃ ልንገባ ስለሆነ እሱንም መስማት እፈልጋለሁ» አለኝ። እኔ ያኔ ቃሊቲ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ነበር የማሽገው። ካርቶን እያሸግኩ እንኳ ጣቶቼ ይመቱ ነበር፤ አለቃዬ «አንቺ ልጅ፣ በሽታ ነው?» እስኪለኝ ድረስ። ከዚያ መጋዘን የሚያወጣኝ በር ይሄ ብቻ ነበር። ሌላ አልነበረኝም።

ጠዋት ዕቃውን የሚጭንልኝ ፒክአፕ ይዤ ስመለስ ገላን ኮንዶሚኒየም ደጃፋችን ላይ ከሰል ተያይዟል። ሰማዩ ደመና ነበር። አክስቴ ዱካ ላይ ተቀምጣ ትልቁን ድራም፣ በስተቀኝ መሬት ላይ የሚቆመውን፣ ወደ ፍሙ አስጠግታ ቀስ እያለች ታዞረዋለች።

«አሞቅኩልሽ!» አለች፣ ፊቷ በርቶ። «ቆዳው ማረር ሲሸተኝ ጊዜ ወገቡን ወደ ፍሙ አዞርኩለት። ዛሬ ይጮህልሻል!»

ወይኔ ጉዴ! ደሜ ፈላ። ልጮህባት ብዬ ፊቷን አየሁት። አቅፌ ባነሳው ጎኑ ጠቅ አለ። መጋጠሚያው በኩል ንብርብሩ ከንፈሩን ከፍቷል፣ ጥፍሬ ይገባል። ኮላ ልቀባው? በሞርሳ ተጨምቆ ካላደረ አይዝም። ቀጠሮው ደግሞ አሁን ነው። እሷ ነጠላ ልትለብስ ስትገባ በፕላስተር ጠቀለልኩት። ሹፌሩ አየኝና ዕቃውን መጫን ቀጠለ።

«እኔም እመጣለሁ» አለች ስትወጣ። ማን ይከለክላታል!

ጋቢና ውስጥ መሃላችን ተቀመጠች። ቃሊቲ መንገዱ በከባድ መኪና ተዘግቷል። ጎማው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ጆሮዬ ከኋላ ነው። እሷ ስለ ከበሮ ታወራለች፤ እኔ እሺ፣ እሺ እላለሁ። አንድ ቃል ብጨምር መጮኼ ነበር።

የባንዱ ልምምድ ከጋራዥ ጀርባ ባለ ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ አክስቴ ግቢው ውስጥ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠች። ሹፌሩ ድራሙን ተሸክሞ አስገባልኝና በር ላይ ቆመ።

መጀመሪያ ጥሩ ሄደ። ትንንሾቹ ድራሞች ጧ፣ ጧ ይላሉ። ጊታሪስቱ ራሱን ሲነቀንቅ አየሁና ልቤ ትንሽ ተነሳ። ትልቁን እየዘለልኩ ነበር የምመታው። ከዚያ መሪው ቀስ ያለ ዘፈን አዘዘ። ያለ ትልቁ ድራም አይሆንም። መታሁት። ዝርርር አለ፣ የተቀደደ ድምፅ ማጉያ ይመስል። ደግሜ መታሁ፣ ባሰበት።

መሪው እጁን አነሳ። ጎንበስ ብሎ ፕላስተሩን ላጠውና አውራ ጣቱን ስንጥቁ ላይ አሳረፈ። «ምን ነክቶት ነው? እሳት ነው?»

«ቀቅላው ነዋ!» አለ ጊታሪስቱ። ሳቁ።

አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይበቃኝ ነበር። አክስቴ ናት፣ እንደ ከበሮ መስሏት ነው፣ ብል ይገባው ነበር። ግን የሙዚቀኛ አፍ አውቃለሁ፤ ወሬው በቀጣዩ ሰርግ ላይ ቀድሟት ነበር የሚጠብቃት። ድራም የቀቀለችው ሴትዮ! ከዚያ በኋላ ማን ፊት ከበሮ ትይዛለች? በበሩ በኩል አየኋት፤ ትከሻዋ ገና በኔ ምት ይንቀሳቀስ ነበር።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ግድ የለሽ ሆኜ ነው።»

መሪው ቀና አለ። «እጅሽ ጥሩ ነው፣ አልዋሽሽም። ግን መሣሪያውን እንዲህ የሚይዝ ሰው ይዤ ቀረፃ አልገባም። ይቅርታ እህቴ።»

ወሽመጤ ቁርጥ አለ። ማልቀስም መሳደብም አማረኝ፤ ሁለቱንም ዋጥኳቸው። ሹፌሩ ገብቶ ያንን ድራም ራሱ አነሳው። ሁሉን ሰምቷል። ዓይኔን አላየኝም።

ጋቢና ውስጥ አክስቴ ክንዴን ያዘች። «እህስ?»

«ተቀበሉኝ።»

እንዴት እንደወጣ አላውቅም፤ ወጣ። አክስቴ እልል አለች፣ እዚያው፣ የጋራዡ ሰዎች ከመኪና ሥር ብቅ ብለው እስኪያዩን ድረስ። ግንባሬን ሳመችኝ፣ ደግማ ሳመችኝ። «አላልኩሽም! ጎማው ላይ ሆኜ ሰምቼዋለሁኮ፣ እንዴት ይጮህ ነበር!» እንባዋ ወረደ። የኔም ወረደ፤ የደስታ መሰላት።

መኪናው ተነሳ። በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠራርጋ ወደኔ ዞረች።

«መቼ ጀምሪ አሉሽ?»

አንድ የሳምንት ቀን መጥራት አቃተኝ። መስኮቱን አየሁ፣ ጉልበቴን አየሁ። እሷ ትጠብቃለች።

ሹፌሩ ማርሽ ቀየረ።

«ሰኞ ነው ያሏት፣ ማዘር» አለ።