እማዬ ስትሰናበት ያመለጣት ባቡር

በፈረንጆቹ 2020፣ በኮሮና ምክንያት ካዚኖዎቹ ሁሉ በተዘጉበት ሰሞን፣ የሥራ ሺፍት አጥቼ ቤት ቁጭ ባልኩበት አንድ ጠዋት፣ የዕቃ ባቡር ጡሩምባ ሰማሁ። ከእማዬ ጋር ኖርዝ ላስ ቬጋስ ስንኖር አሥራ አንድ ዓመታችን ነበር፤ ባቡር በአቅራቢያችን እንደሚያልፍ ግን አላውቅም ነበር፣ የመኪናው ጫጫታ ውጦት ኖሯል። ድምፁን ስሰማ ሐሳቤ ሄዶ ያረፈው በስምንት ዓመቴ ባየኋት፣ ከሙምባይ ከተማ ዳር ባለች የባቡር ጣቢያ ላይ ነው።

አባዬ ለዶክትሬት ትምህርት ተልኮ፣ ሦስታችንም አብረን ሄደን፣ ከጣቢያው ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ክረምት ላይ ዝናቡ ሐዲዱን ሲያጥለቀልቀው ባቡሮቹ ይቆሙና መሳፈሪያው በጃንጥላ ይሞላ ነበር። እማዬ በመስኮት እያየች «ይሄን ሁሉ ሕዝብ ማን ያበላዋል?» ብላ ትጨነቅ ነበር። ዝናቡ ሲያባራ ባቡሩ በየአራት አምስት ደቂቃው ይመጣል፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆሞ፣ በሩን እንኳን ሳይዘጋ ይሄዳል። ስለዚህ አባዬ ሕግ አወጣልኝ፦ «ከተነጣጠልን ቀጣዩ ጣቢያ ላይ ውረጂና ከቆምሽበት ንቅንቅ እንዳትዪ።»

እማዬ ስንብቷ ቶሎ የማያልቅ ሴት ነበረች። ባሏ ከአባዬ ጋር የሚማር እትዬ ሰናይት የምትባል ወዳጅ ነበረቻት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በባቡር ሄደን እንጠይቃት ነበር። ስንመለስ እትዬ ሰናይት እስከ ጣቢያው ትሸኘናለች፣ እማዬ ደግሞ «እንዴት ብቻሽን ትመለሻለሽ?» ብላ ግማሽ መንገድ ትሸኛታለች፣ ከዚያ እንደገና ወደ ጣቢያው ይዞራሉ፤ እኔ በመሃል እግሬ እስኪቀጥን እመላለስ ነበር።

አየሩ ቀዝቀዝ ባለበት በጥር ወር፣ አንድ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ፣ እማዬ እኔን ለሴቶች ብቻ ወደተለየው ፉርጎ አስገብታ ልትከተለኝ ስትል «ውይ፣ ልጆቹን ሳሚልኝ!» ብላ ተመልሳ ወዳጇን አቀፈች። ባቡሩ ሄደ። እማዬ ስትሮጥ አየኋትና እሪ አልኩ።

ከሥራ የሚመለሱት ሴቶች ጭናቸው ላይ ለእራት እሸት አተር እየፈለፈሉ ነበር። አንዲት ባለ ወፍራም መነጽር አተሯን ሰብስባ፣ መውረጃዋ ሳይሆን፣ ቀጣዩ ጣቢያ ላይ ይዛኝ ወረደች። ወደተሳፈርኩበት ጣቢያ ልትመልሰኝ ብትሞክር እምቢ ብዬ የአባዬን ሕግ በሰባራ ሂንዲ ነገርኳት። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን አተር ስንፈለፍል ሦስት ባቡር አለፈ፣ በአንዱም እማዬ የለችም። መልሰው ያመጡልኛል ብላ እዚያው ስትጠብቅ ኖሯል፤ እኔ ግን ሁለተኛ የማላገኛት መስሎኝ ነበር።

ከአራተኛው ወረደች። እያለቀሰች ጨመቀችኝ፣ ከዚያ ወደ ሴትየዋ ዞራ ግራ ቀኝ እየሳመች፣ በአማርኛ «እራት ሳትበዪማ አትሄጂም!» ትላት ጀመር። ሴትየዋ ባቡሯ ሲመጣ እጇን አስለቅቃ እየሳቀች ዘላ ገባች፤ ስሟን እንኳን አልጠየቅናትም። የሚያዝያ ሙቀት እስኪገባ ድረስ እማዬ ያን ፉርጎ ባየች ቁጥር በዓይኗ ትፈልጋት ነበር።

ካደግሁ በኋላ በየግብዣው «እማዬ ስትሰናበት ልጅ ትጥላለች» እያልኩ እቀልድባት ነበር። እሷም «ሰው ደኅና ሁኚ ሳይባባል ይለያያል እንዴ?» ትለኝ ነበር።

2021 እንደገባ ትንፋሽ አጠራትና ሆስፒታል አደረስኳት። ከበሩ ወዲያ አስታማሚ አይገባም ነበር። ነርሷ በተሽከርካሪ ወንበር ልትወስዳት ስትል እማዬ ማስኳን ዝቅ አድርጋ ወደ እኔ ዞረች። በሩ ላይ ካቆምኩት መኪናዬ ኋላ የተሰለፈ መኪና ክላክስ አደረገ። «ግቢ እማዬ፣ ፓርክ አድርጌ እደውልልሻለሁ» አልኳት። ስደውል አላነሳችም፤ ከዚያ ወዲያ ድምፅዋን አልሰማሁም። እማዬ ለአንድ ስንብት ባቡር ታስመልጥ ነበር፤ እኔ አንድ መኪና ማስጠበቅ አቃተኝ።