እምዬ በሰው አገር ግድግዳ ላይ

በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው። እናንተ ዘንድ በጋ ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ክረምት፣ ያውም ዝናብ የሌለው፣ ነጭ፣ ድምፅ የማያሰማ ክረምት። ጀርመን አገር ላይፕዚግ በሚባል ከተማ ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር መኖር ከጀመርሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቤት አለን፤ ልጆቹ ይማራሉ።

ከጎንደር የወጣሁ ለት እናቴ፣ እምዬ፣ ከዳባት በላይ ካለው ቀበሌያችን ወርዳ አዘዞ፣ ታላቅ ወንድሜ አያ መኮንን ቤት አድራ ነበር። ጎህ ሲቀድ መኪናው ድረስ ሸኘችኝ። አላለቀሰችም። ግንባሬን ስማ «ሸጋ አገር ያግባሽ» አለችኝ፤ ሌላ አልተናገረችም። ፎቶዋን ሳልይዝ ነው የወጣሁት፤ የላትምና። እምዬ ፎቶ መነሣት አትወድም። እኛ ጋ ትልቅ ፎቶ ተሠርቶ ሰው ፊት የሚቆመው ለለቅሶ ስለሆነ «ስሞት ታነሡኛላችሁ» እያለች ትቀልድብን ነበር።

መጀመሪያ ላይ በስልክ እንገናኝ ነበር። ከዚያ የቀበሌያችን ስልክ ጠፋ፣ መንገዱም ተዘጋ። አያ መኮንን ጋ ደውዬ ስለ እምዬ ስጠይቀው «ደህና ናት» ይለኝና ወዲያው ስለ ልጆቹ ትምህርት ይጠይቀኛል። በስደት ያላችሁ ይህን አነጋገር ታውቁታላችሁ። ሞት ሲደበቅ እንዲህ ነው የሚባለው። ሩቅ አገር ላለ ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም፤ እዚያው ያሉ ያገር ልጆች ተልከው፣ ማልደው ቤቱ ሄደው ነው የሚያረዱት። እኔም ተልኬ ሄጄ አውቃለሁ።

አንድ ቅዳሜ ገና በማለዳው ዘይነባ በሬን አንኳኳች። ዘይነባ የጎንደር፣ የአዲስ ዓለም ሰፈር ልጅ ናት፤ እዚህ የሥዕልና የፎቶ ማሳያ ቤት ታጸዳለች። ጥቁር ካፖርት ለብሳ ጥቁር ሻሽ አስራለች። ግቢ ብላት አልገባችም።

«ልበሺና ነይ፣ እማዋይሽ» አለችኝ።

«ምነው፣ ምን ተገኘ?»

«የማሳይሽ ነገር አለ። ስትደርሺ ታይዋለሽ።»

ባለቤቴን ዞሬ አየሁት። ሂጂ፣ ልጆቹን እኔ አያለሁ አለኝ። እሱም ያወቀ መሰለኝ። ልብሴን ለብሼ ተከተልኋት። ትራም ውስጥ ዘይነባ ስለ ብርዱ ታወራለች፣ እኔ ውዳሴ ማርያም በልቤ እደግማለሁ።

የገባንበት ቤት ነጭ አዳራሽ ነው። ሰዉ አብዛኛው ጥቁር ለብሷል፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ቆሞ ያያል፣ በሹክሹክታ ያወራል። በግድግዳው ዙሪያ ትልልቅ ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች በፍሬም ተሰቅለዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ ከላይ መብራት ወርዶበታል። እነዚህ ሰዎች ሲያዝኑ እንኳ አይጮሁም አልሁ በልቤ። በሩ ላይ ለቆመችው ሴት እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አልኋት። አመሰገነችኝ፤ ካፖርቴን ተቀብላ ቁጥር ሰጠችኝ። ለቅሶ ቤት ገብቼ ቁጥር ሲሰጠኝ የመጀመሪያዬ ነው።

የአገሬን ተራራ አየሁ። ቀለም የለውም፤ ግን ጉሙ ከገደሉ ሥር ሲነሣ ጉንጬን የነካኝ መሰለኝ። የአንድ ገበሬ እጅ አየሁ፤ ንቃቃቱ ውስጥ ያለው አፈር ሳይቀር ይታያል። እንዲህ ያለ ፎቶ አይቼ አላውቅም። ጥቁሩ የእውነት ጥቁር ነው፣ ነጩም ያበራል። ዘይነባ «አየሽልኝ?» እያለች ፈገግ ትላለች። ልታጽናናኝ ነው አልሁ።

ጥግ ስዞር እምዬን አየኋት።

ፎቶው ላይ ከእኔ ቁመት ትበልጣለች። ነጠላዋን ተከናንባ ካብ ተደግፋ ቆማ በቀጥታ ታየኛለች። ግንባሯ ላይ የመስቀል ንቅሳቷ አለ፤ በልጅነቷ መርፌው አሟት ራሷን ስለነቀነቀች አንደኛው ክንዱ አጭር የቀረው። የእምዬ ነው። በዓለም ላይ ሌላ የለም።

የሆንሁትን በደንብ አላስታውስም። ደረቴን መታሁ፣ በቁሜ ወደቅሁ፣ ድምፄ አዳራሹን ሞላው። ልዳስሳት እጄን ስዘረጋ ጠባቂው መጣና «ኒሽት አንፋሰን፣ ቢተ» አለኝ። እባክሽን አትንኪ ማለቱ ነው። እናቴን አትንኪ ይለኛል፤ ግን በትሕትና።

«መርዶዬን እንዲህ ታረጂኛለሽ?» አልኋት ዘይነባን።

«የምን መርዶ?»

«እናቴ ናት።»

ዘይነባ ፊቷ አመድ ሆነ። «ወላሂ አላውቃቸውም። ያገርሽን ተራራ እንድታዪ ብዬ ነው ያመጣሁሽ። ደስ እንዲልሽ ብዬ።» አጠገቤ መሬት ላይ ተቀምጣ እሷም ማልቀስ ጀመረች።

የቤቱ ኃላፊ ወንበርና ውኃ ይዛ መጣች። ጀርመንኛዬ ገና ከዳቦ ቤት አያልፍምና ዘይነባ አስተረጎመችልኝ። እናቴ መቼ እንዳረፈች፣ ማን እንደነገራቸው ጠየቅኋት። ሴትዮዋ ግራ ተጋባች። የሞተው ፎቶ አንሺው ነው አለች። በሥራው የተከበረ ሽማግሌ ነበር፤ አምና አርፎ የዕድሜ ልክ ሥራውን ለመታሰቢያው ሰቅለውለት ነው። ለቅሶ ቤት ነው ማለቴ ያን ያህል ስሕተት አልነበረም።

ከፎቶው ሥር የተጻፈውን ዘይነባ አነበበችልኝ። «ሴት፣ የሰሜን ተራሮች» ይላል። የተነሣችበት ዓመት እኔ ከወጣሁ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ነበረች ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ወረቀቱ አይልም፤ ፎቶ አንሺውም አይጠየቅም።

ሴትዮዋ እስኪዘጋ እዚያው ፊት ለፊቷ እንድቀመጥ ፈቀደችልኝ። እግዚአብሔር ይስጣት። ሰው እየመጣ እምዬን ያያታል፤ አንዳንዱ ባርኔጣውን ያወልቃል። እኔ ከሦስት ዓመት በኋላ ፊቷን ጠገብሁ።

ወደ ማታ አያ መኮንን ጋ ደወልሁ። እንደ ልማዱ «ደህና ናት» አለኝ።

«በመድኃኔዓለም ማልልኝ» አልሁት።

 ከወዲያ የበር መዘጋት ሰማሁ፤ ወደ ውጭ ወጣ መሰለኝ።

«አልምልም፣ እቴ» አለኝ። «መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ እኔም አላየኋት። ከዚያ የሚመጣ ሰው ስጠይቅ አንዱ ደህና ናት ይለኛል፣ አንዱ ቤቷ ተዘግቶ አየሁ ይለኛል። ደህና ናት የምልሽ ለራሴም እንዲሰማኝ ብዬ ነው።»

አልተቆጣሁትም። ፎቶዋን እንዳየሁ ነገርሁት። ምን ትመስላለች አለኝ። ታየኛለች አልሁት። 

በማግሥቱ እሑድ ጧት ጀርመኖች ወዳዋሱን ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። ካህኑ አባ፣ ወደ ቅዳሴ ሳይገቡ፣ በጸሎት የሚያስቧቸውን ሰዎች ስም በሩ ላይ ይቀበላሉ። ተራዬ ሲደርስ መስቀል ተሳልሜ የእምዬን የክርስትና ስም፣ ወለተ ሥላሴ ብዬ ሰጠኋቸው።

«ከሕያዋን ነው፣ ልጄ፣ ወይስ ካረፉት?» አሉኝ።

ከኋላዬ ሰው ይጠብቃል። አባ ዓይናቸውን ከእኔ አላነሡም።

«ከሕያዋን፣ አባቴ» አልሁና ጫማዬን አውልቄ ገባሁ።